የተበተነ ዳታቤዝ የፊልድ ገደብ ያስከብር ወይስ ለአፕሊኬሽኑ ይተው?

መነሻ ጽሑፍ

የውይይት ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ የሚመስል አቋም ይዞ ነው የመጣው። ነገሩ የደንበኞች ቴብል ነው፤ ስልክ ቁጥር፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቀሪ ሂሳብና የተመዘገቡበት ቅርንጫፍ አሉበት። ዳታው በብዙ ኖዶች (ማሽኖች) ላይ ይበተናል፤ ምርጫው ካሳንድራ ወይም ኮክሮችዲቢ በሚባሉት ዳታቤዞች ላይ ቆሟል። አቋሙ አጭር ነው፦ ኖት ነል (ባዶ አይሁን)፣ ቼክ (ይህን ሁኔታ ያሟላ)፣ ዩኒክ (አይደገም)፣ ፎሪን ኪ (የተጠቀሰው ረድፍ በሌላ ቴብል ይኑር) የሚባሉት ሁሉ ዳታቤዝ በአንድ ማሽን ላይ ይኖር ከነበረበት ዘመን የተረፉ ናቸው፤ የተበተነ ዳታቤዝ የሚሰጡትን ያስቀምጥ፣ ሲጠየቅ ይመልስ፤ ማጣራቱን አፕሊኬሽኑ ይሥራ። የሚቃወም ካለ መፈክር ሳይሆን ዝርዝር ይዞ ይምጣ ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 1

በትህትና ጀመረ። ጥያቄው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አስሯል ይላል። አንደኛው፣ ረድፉን የተቀበለው ኖድ ማንንም ሳይጠይቅ ሊፈርድበት የሚችል ገደብ ነው፤ ፊልዱ ባዶ እንዳይሆን፣ ርዝመቱ ከዚህ እንዳይበልጥ፣ ቁጥሩ ከዜሮ እንዳያንስ፣ ጽሑፉ የታወቀ ቅርጽ እንዲኖረው። ለፍርዱ የሚያስፈልገው ሁሉ በመጣው ጥያቄ ውስጥ ስላለ ወጪው ጥቂት የሲፒዩ ሥራ ነው። ሁለተኛው ግን ሌላ ረድፍ ሳይታይ የማይፈረድበት ነው። ስልኩን ሌላ ደንበኛ ይዞት ይሆን? የተጠቀሰው ቅርንጫፍ በእርግጥ አለ? ያ ሌላው ረድፍ ሌላ ኖድ ላይ፣ ምናልባትም ሌላ አህጉር ላይ ሊሆን ይችላል። ጠያቂው ሁለተኛው ውድ ስለሆነ የመጀመሪያውንም አብሮ ጣለው።

ከዚህ በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የዚህ ክፍፍል ዝርዝር ነው፤ ሁሉም ግን አልተቀበለውም።

ምላሽ 2

ከጠያቂው ጎን ቆመ። ካሳንድራ ሲጽፍ አያነብም፤ ፍጥነቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ቀድሞ ባለበት ረድፍ ላይ ኢንሰርት ብትልክ ስህተት አይመጣልህም፣ አሮጌውን ዝም ብሎ ይተካዋል። ቀድሞ ከሌለ ብቻ ጻፍ የሚለውን ቀላል ትራንዛክሽን ብትጠቀም ደግሞ ፓክሶስ በሚባለው የኖዶች መስማሚያ ዘዴ ስለሚሠራ ጥያቄውን በሚመራው ኖድና ቅጂዎቹን በያዙት ኖዶች መካከል አራት ዙር መመላለስ ያስከፍላል፤ በካሳንድራ 4.1 የመጣው አዲሱ አሠራር ዙሩን ቢቀንሰውም ተራ ጽሑፍን አያህልም። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለ፦ በአንዱ ረድፍ ላይ አንድ ጊዜ በቀላል ትራንዛክሽን፣ ሌላ ጊዜ በተራ ጽሑፍ መጻፍ የቅደም ተከተሉን ዋስትና ስለሚያፈርስ አይደባለቁ።

ምላሽ 3

2ኛውን አረመው፤ ያውም በጨዋ ቋንቋ። ሳያነቡ መጻፍና ሳያዩ መጻፍ ይለያያሉ ይላል። የካሳንድራ ገንቢዎች ራሳቸው ለፊልድ ገደብ ሐሳብ ሲያቀርቡ መስመሩን ያሰመሩት እዚህ ላይ ነው፦ ርዝመት፣ ከቁጥር ጋር ማወዳደር፣ ባዶ አለመሆን ይፈቀዳሉ፤ የቆየውን ረድፍ ማንበብ የሚጠይቅ ግን አይገባም። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር አነሣ። የውሉ መጀመሪያ ቀን ከመጨረሻው ይቅደም የሚል ገደብ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሚመለከት ቀላል ይመስላል። አፕዴቱ (ያለውን ረድፍ የሚያድሰው ትእዛዝ) የመጨረሻውን ቀን ብቻ ይዞ ቢመጣስ? ኖዱ መጀመሪያውን ካላነበበ ሊፈርድ አይችልም። ሳያነብ በሚጽፍ ዳታቤዝ ላይ ሁለት ፊልድን የሚያገናኝ ገደብ የሚሠራው ሁለቱ ፊልዶች ሁልጊዜ አብረው ሲጻፉ ብቻ ነው። ገደቡ ከመጨመሩ በፊት የተጻፈውም ባለበት ይቀራል፤ ማንም ዞሮ አያጣራውም።

ምላሽ 4

የውይይቱ ሙቀት የጨመረው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊዋ አፕሊኬሽኑ ይበቃል የሚሉ ሰዎች ስለ የትኛው አፕሊኬሽን እንደሚያወሩ ጠየቀች። አንዱ አገልግሎት በጃቫ፣ ሌላው በፓይተን፤ ሌሊት የሚሮጥ የጅምላ ጫኝ ስክሪፕት አለ፤ ሪፖርት የሚሠራው ሰው በቀጥታ ኮንሶል ከፍቶ አፕዴት ይልካል። አዲስ ስሪት በየተራ ሲለቀቅ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ ኮድ ለጊዜው ጎን ለጎን ይጽፋሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። አራት በር ባለው ቤት አንዱ በር ላይ ዘበኛ አቁሞ ተጠብቋል እንደማለት ነው አለች። ከዚያም ጠያቂውን ተገዳደረችው፦ አሁን ያለው ቴብል ላይ ሦስት ጥያቄ ይሩጥ። ስልኩ ባዶ የሆነ ስንት ረድፍ አለ? ረድፎቹ በስልኩ የፊደል ብዛት ሲመደቡ ስንት ዓይነት ርዝመት ይወጣል? ቀሪ ሂሳቡ ከዜሮ በታች የሆነስ? ውጤቱ ንጹህ ከሆነ ትከራከራለች፤ ካልሆነ ክርክሩ አልቋል። አነጋገሯ ቆንጠጥ ቢያደርግም ሦስቱን ጥያቄ ማንም ሰው በዚያው ዕለት ሊሞክራቸው ይችላል።

ምላሽ 5

ገደብ ዕድሜው አጭር ነው ብሎ ተከራከረ፤ ማስረጃውም ከአገር ቤት ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የሞባይል ቁጥር በ09 ይጀምር ስለነበር፣ ከ+251 ቀጥሎ 9 ይምጣ ብሎ ማሰር ትክክል ይመስል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሲገባ እንዲህ ያለ ገደብ ትክክለኛ ደንበኛን ይመልሳል። ኮድ ከሆነ አንድ መስመር ቀይሮ መልቀቅ ነው፤ ገደብ ከሆነ ግን በሁሉም ኖዶች ላይ ስኪማ (የቴብሉን መዋቅር) መቀየር ያስፈልጋል።

ምላሽ 6

5ኛው ያቀረበው ምሳሌ ራሱን ይመታል አለ። ችግሩ ገደብ መኖሩ ሳይሆን ገደብ መሆን የማይገባው ደንብ ገደብ መሆኑ ነው። የስልኩ ቅርጽ አንድ ነገር ነው፦ የመደመር ምልክት፣ 251፣ ከዚያ ዘጠኝ አኃዝ፤ በጠቅላላው 13 ፊደል። ይህ ለ09ም፣ ለ07ም፣ በ011 ለሚጀምረው የአዲስ አበባ የቤት ስልክም ይሠራል። በ9 ይጀምር የሚለው ገደብ እኮ ሳፋሪኮም ከመምጣቱ በፊትም የቤት ስልክ አይቀበልም ነበር። የትኛው መነሻ ቁጥር የማን ድርጅት ነው የሚለው የንግድ ደንብ ነው፤ ቦታው ኮድ ወይም በቀላሉ የሚታደስ ማጣቀሻ ቴብል ነው። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ የሚመዘገብ ከሆነ ደግሞ 251ም ከገደቡ ይውጣና የመደመር ምልክትና ቢበዛ 15 አኃዝ ይቅር።

ምላሽ 7

ከስልኩ ወደ ቀኑ ሄደ። ወር ከ1 እስከ 12 ይሁን የሚል ቼክ ጳጉሜን ይጥላታል። የኢትዮጵያን ቀን በዴት ዓይነት ፊልድ ውስጥ እንዳለ መክተትም አይሆንም፤ 2ኛ ወር 30ኛ ቀን በእኛ ጥቅምት 30 ነው፣ ለዳታቤዙ ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሆነ አይቀበለውም። የከፋው ሌላው አብዛኛው ቀን በጸጥታ ማለፉ ነው፤ ጥቅምት 12 ፌብሩዋሪ 12 ሆኖ ይቀመጣል። መፍትሔው ወይ ወደ ጎርጎርዮሳዊ ለውጦ ማስቀመጥ፣ ወይ ሦስት የቁጥር ፊልድ ይዞ ወር ከ1 እስከ 13፣ ቀን ከ1 እስከ 30፣ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 እንዳይበልጥ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ 6 ይፈቀድ ብሎ ማሰር ነው። 2015 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ጳጉሜ 6 ነበራት። ሁሉም ከአንዱ ረድፍ ስለማይወጣ በ1ኛው ክፍፍል መሠረት ርካሹ ዓይነት ነው።

ምላሽ 8

ስለ ስሙ ፊልድ ጻፈ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት አሠራር) ሦስት ባይት ይይዛል። በባይት 20 ተብሎ የታሰረ ፊልድ ለላቲን ስም 20 ፊደል ሲሆን ለእኛ 6 ብቻ ነው። ስለዚህ ገደቡ ፊደል ይቁጠር ወይስ ባይት፣ ከመጻፉ በፊት ይታይ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ደግሞ ለሰው አንድ ስም ለዩኒክ ኢንዴክስ (ድግግሞሽን ለሚከለክለው ማውጫ) ሦስት ናቸው፤ የሚፈለገው ማመሳሰል ከሆነ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተጠቃለሉበት ሁለተኛ ፊልድ ይሠራና ኢንዴክሱ በዚያ ላይ ይሁን።

ምላሽ 9

ትዕግሥቱ አልቋል። ስለ ፊደልና ስለ ጳጉሜ ማውራት የፈለገ ሌላ ክር ይክፈት፤ የተጠየቀው ስለ ተበተነ ዳታቤዝ ነው አለ። (7ኛው ላይ የሰነዘረው ቃል እዚህ ባይደገም ይሻላል።) ቁጣውን ከተወጣ በኋላ ግን ከክሩ ሁሉ የተሻለውን ማብራሪያ የጻፈው እሱ ነው።

ቴብሉ በደንበኛ መለያ የተከፋፈለ ነው እንበል። የስልኩ ዩኒክ ኢንዴክስ በስልክ ስለሚደረደር የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ደንበኛ ሲመዘገብ ረድፉ አንድ ኖድ ላይ፣ የኢንዴክሱ መስመር ሌላ ኖድ ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱ አብረው እንዲጸኑ ወይም አብረው እንዲቀሩ ደግሞ በሁለቱ ኖዶች መካከል ስምምነት ያስፈልጋል። ኮክሮችዲቢ ይህን በራሱ ይሠራዋል፤ ረድፎቹ በየክልሉ (ኖዶቹ በሚገኙበት የዓለም አካባቢ) በተመደቡበት ቴብል ላይ ግን የዩኒክ ምርመራው ሌሎቹን ክልሎች ዞሮ መጠየቅ አለበት፣ የእያንዳንዱ ምዝገባ ጊዜም በሩቁ ክልል ርቀት ይለካል። ዳታቤዙ ራሱ በዘፈቀደ ያመነጨው ዩዩአይዲ (ረጅም መለያ) ሲሆን ምርመራውን ይዘለዋል፣ የመደጋገም ዕድሉ ከቁጥር ስለማይገባ። ፖስትግሬስን በብዙ ኖድ የሚያከፋፍለው ሲተስ ይህን ጣጣ ከመነሻው አይገባበትም፦ መከፋፈያው ፊልድ የሌለበትን ዩኒክ አይቀበልም። ሞንጎዲቢም በተከፋፈለ ኮሌክሽን (የእሱ ቴብል) ላይ ዩኒክ ኢንዴክሱ በሻርድ ቁልፉ (በመከፋፈያው ፊልድ) እንዲጀምር ያስገድዳል። ሰው ወጥመድ ውስጥ የሚገባው ቀጥሎ ነው። ቴብሉን በክልል የከፋፈለ ሰው ሲተስ እምቢ ሲለው ክልልና ስልክ ብሎ ዩኒኩን ያስፋዋል፤ ስህተቱም ይጠፋል። አሁን የታሰረው ግን ስልኩ በአንድ ክልል ውስጥ እንዳይደገም ብቻ ነው፤ ያው ስልክ በሌላ ክልል ይመዘገባል።

ምላሽ 10

9ኛውን አመስግኖ ወደ ጠያቂው ዞረ። አፕሊኬሽኑ መጀመሪያ ፈልጎ ካጣ በኋላ ይጻፍ የሚለው አካሄድ ለዩኒክ አይሠራም ይላል። አንዱ ጥያቄ ስልኩን ይፈልጋል፣ የለም። እሱ ከመጻፉ በፊት ሌላው ይፈልጋል፣ አሁንም የለም። ሁለቱም ይጽፋሉ። ደንበኛው ቁልፉን ሁለቴ ሲጫን ወይም ሞባይሉ ኔትወርክ ተቆራርጦበት ጥያቄውን ሲደግም የሚፈጠረው ይህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሬይልስ በሚባለው የዌብ ማዕቀፍ የተጻፉ ኮዳቸው ክፍት የሆነ 67 አፕሊኬሽኖችን የመረመረ ጥናትም በአፕሊኬሽን ውስጥ የተጻፈ የዩኒክ ማጣሪያ ጥያቄዎች እኩል ሲመጡ ድግግሞሽ እንደሚያሳልፍ አሳይቷል።

ዩኒክ በሌለው የአማዞን ዳታቤዝ በዳይናሞዲቢ ላይ የሚሠራበትን ዘዴም ዘረዘረ። ከደንበኛው ሌላ ቁልፉ ስልኩ የሆነ ሁለተኛ አይተም (ረድፍ) ይሠራል፤ ሁለቱ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጸናል ወይ ሁሉም ይቀራል) ይጻፋሉ፤ በሁለተኛው ላይ ቁልፉ ቀድሞ ካለ ይውደቅ የሚል ቅድመ ሁኔታ ይቀመጣል። አንድ ትራንዛክሽን እስከ 100 አይተም ይይዛል፤ የመጻፍ አቅሙንም በእጥፍ ይበላል። ስልክ ሲቀየር ሦስት ሥራ አብሮ ይሄዳል፦ የአሮጌውን ስልክ አይተም መሰረዝ፣ የአዲሱን መጻፍ፣ ደንበኛውን ማደስ። መሰረዙ ከተረሳ ያ ቁጥር ለዘላለም ተይዞ ይቀራል፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው የተሰጠ ዕለት አዲሱ ባለቤት መመዝገብ ያቅተዋል።

ምላሽ 11

ስለ ፎሪን ኪ ነው፤ ወደ ጠያቂው ያዘነበለ። ማይኤስኪውኤልን በብዙ ኖድ የሚያከፋፍለው ቪቴስ ለረጅም ጊዜ ፎሪን ኪን ሳይደግፍ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቴብልን ሥራ ሳያስቆሙ የሚቀይሩ እንደ ጎስት ያሉ መሣሪያዎች ጎን ለጎን አዲስ ቴብል ሠርተው ስም ስለሚቀያየሩ ፎሪን ኪ ያለበት ቴብል አይመቻቸውም። ታይዲቢ የሚባለው የተበተነ ዳታቤዝም በስሪት 6.6 በሙከራ ደረጃ አስገብቶት የበሰለ ነው ያለው በ8.5 ነው። የእሱ ደንብ፦ ወላጁ (የሚጠቀሰው ረድፍ) እና ልጁ (የሚጠቅሰው) በአንድ ፓርቲሽን (የዳታው ክፍል) አብረው የሚኖሩ ከሆነ ይኑር፤ ሲሰረዝ ልጆቹንም አስከትሎ ይሰርዝ የሚለው ግን በጭራሽ። አንድ ቅርንጫፍ ሲሰረዝ ሥሩ ያሉት ረድፎች በየኖዱ ስለሚበተኑ ትራንዛክሽኑ ያብጥና ጊዜው አልፎ ይወድቃል፤ ሲደገምም እንዲሁ።

ምላሽ 12

የጉግል ዳታቤዝ ስፓነር የማይከበር ፎሪን ኪ እንዳለው አስታወሰ፤ አይመረምርም፣ ጥያቄው የሚፈጸምበትን መንገድ ለሚመርጠው ኦፕቲማይዘር ፍንጭ ብቻ ነው። ዳታው ውሉን ካልጠበቀ ኦፕቲማይዘሩ ፍንጩን አምኖ ሁለቱ ቴብሎች የሚገናኙበትን ሥራ ስለሚዘለው የጥያቄው መልስ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ለጌጥ አይጻፍ።

ምላሽ 13

ሁለት መስመር ብቻ። ገደብ ተጽፏል ማለት ይሠራል ማለት አይደለም፦ ማይኤስኪውኤል ከስሪት 8.0.16 በፊት ቼክን አንብቦ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር፤ ታይዲቢ ላይም ቼክ ካልበራ አይሠራም። ገደቡን የጻፈ ሰው ወዲያው መጥፎ ረድፍ ልኮ መመለሱን ይይ።

ምላሽ 14

13ኛው ላይ ጨመረ፦ የበራ ቼክም ነልን (ዋጋ የሌለውን ባዶ ፊልድ) ያሳልፋል። መጠኑ ከዜሮ ይብለጥ የሚለው ቼክ የሚከለክለው መልሱ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው፤ መጠኑ ነል ከሆነ መልሱ ሐሰትም እውነትም ስላልሆነ ረድፉ ይገባል። ኖት ነል አብሮ ካልተጻፈ ግማሽ ሥራ ነው።

ምላሽ 15

ጠያቂው ተመለሰ፤ ድምፁ ለዝቧል። አንድ ረድፍ ብቻ የሚያይ ገደብ ዳታቤዙ ውስጥ ቢኖር ከእንግዲህ አይቃወምም። ነገር ግን ቴብሉ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ የ4ኛዋን ጥያቄዎች ሲያሮጥ ቆሻሻ ረድፍ ተገኝቷል። ሥራ ሳይቆም ገደቡ እንዴት ይገባል?

ምላሽ 16

ቅደም ተከተሉን የጻፈችው የፖስትግሬስንና የእሱን ቋንቋ የሚናገሩትን ዳታቤዞች ይዛ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻውን የሚጽፈው ኮድ ይስተካከል፤ ካልሆነ የጸዳው በማግስቱ ይቆሽሻል። ቀጥሎ ገደቡ ገና ያልተረጋገጠ ተብሎ ይጨመር፤ እንዲህ ሲሆን አዲስ ጽሑፍን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያጣራል፣ የቆየውን ግን አይነካም። የመቆለፊያው ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ይገደብ፤ አለበለዚያ አንድ ረጅም ጥያቄ መቆለፊያውን ሲያስጠብቀው ከኋላው የመጣው ሁሉ ይሰለፋል። ከዚያ የቆየው ዳታ በቁልፍ ቅደም ተከተል በትንንሽ ክፍል ይጽዳ፣ በየክፍሉ አንድ ሺህ ረድፍ ያህል፣ እያንዳንዱ በራሱ ትራንዛክሽን። እዚህ ላይ ልብ ይባል፦ ፖስትግሬስ ላይ ያልተረጋገጠ ገደብም አፕዴትን ይመረምራል። አሮጌ ረድፍ ላይ ስሙን ብቻ ለማረም የመጣ ሰው ስልኩ ስለተበላሸ ይመለሳል፤ የድጋፍ ሠራተኞች ይህን ቀድመው ይወቁት። መጨረሻ ላይ ማረጋገጫው ይሩጥ፤ ቴብሉን ሁሉ ያነባል፣ ጽሑፍን ግን አያግድም።

በተበተነ ዳታቤዝ ላይ ለምን ይከብዳል ለሚለውም መልስ አላት። አዲሱ ስኪማ ለሁሉም ኖድ በአንድ ቅጽበት አይደርስም። ማረጋገጫው አልፎ ከሄደ በኋላ አሮጌ ስኪማ የያዘ ኖድ መጥፎ ረድፍ ቢቀበል ገደቡ ተረጋግጧል ተብሎ ውሸት ይቀመጣል። የጉግል ኤፍ1 ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ለውጡን በመካከለኛ ደረጃዎች ይከፍለዋል፤ በማንኛውም ጊዜ ኖዶቹ ከሁለት ተከታታይ ስሪት በላይ አይይዙም፣ ማረጋገጫውም የሚጀምረው ገደቡን የማያውቅ ኖድ እንደሌለ ሲታወቅ ነው። ኮክሮችዲቢም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የስኪማ ለውጥ ደቂቃዎች ሲፈጅ ተሰቅሏል ብለው የሚያቋርጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ምላሽ 17

1ኛውን አረመ፤ ዘግይቶ ቢሆንም ልክ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ እንዳያንስ የሚለው ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። የዕቃ ዋጋ ከሆነ አዎ። ቀሪ ሂሳብ ግን የሚቀነስ ነገር ነው፦ 100 ብር አለ፤ አንዱ ክልል 80 ያወጣል፣ ሌላውም በዚያው ቅጽበት 80። ለእያንዳንዱ ኖድ የሚጻፈው 20 ስለሆነ ቼኩ ሁለቱንም ያሳልፋል፤ የመጨረሻው ጽሑፍ ያሸንፋል በሚል ዳታቤዝ ላይ 160 ብር ወጥቶ ቀሪው 20 ይላል፣ ገደቡም አልተጣሰም። እንደ ኮክሮችዲቢ ባለው ላይ ትራንዛክሽኖቹ በተራ ስለሚሰለፉ ሁለተኛው ይወድቃል፤ ዋጋው መጠበቅ ነው። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ሂሳቡ ለክልሎቹ ቀድሞ ይከፋፈል፣ ለአንዱ 60 ለሌላው 40፤ እያንዳንዱ በድርሻው ብቻ ይወስን፣ ሲያልቅበት ከሌላው ይጠይቅ።

ጠያቂው ካሳንድራን የተወው ከዚህ በኋላ ይመስላል፤ ስሙን ዳግም አላነሣም።

ምላሽ 18

ገደቡ ከገባ በኋላ አገልግሎቱ ምን ያድርግ የሚለውን አነሣ። በፖስትግሬስ ቤተሰብ የስህተት ኮዱ ይለያያል፦ 23502 ኖት ነል፣ 23503 ፎሪን ኪ፣ 23505 ዩኒክ፣ 23514 ቼክ፤ 40001 ግን ትራንዛክሽኖች ተጋጭተዋልና ድገም ማለት ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ይዞ የሚደግም ኮድ 23514ን እስከ ነገ ቢደግመው መልሱ ያው ነው። መልእክቱ ከወረፋ የመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ መጥፎ ረድፍ የኋላዎቹን ሁሉ ያስቆማል። 40001 በትንሽ ቆይታ ይደገም፤ በ23 የሚጀምሩት ወደ ተለየ ቴብል ይውጡና ሰው ይያቸው።

ምላሽ 19

18ኛው ባለው ላይ አንድ ጥንቃቄ ጨመረች። ፖስትግሬስ ቼክ ሲጣስ የወደቀውን ረድፍ ይዘት በስህተቱ ዝርዝር ውስጥ ይጽፋል፤ የደንበኛው ስም፣ ስልክና ሂሳብ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። የሎጉ የስህተት ዝርዝር መጠን ወደ አጭሩ ይቀየር፤ አገልግሎቱም የገደቡን ስም ብቻ ይመዝግብ። ለዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ገደብ ሲፈጠር ሰው የሚያነበው ስም ይሰጠው፤ ዳታቤዙ በራሱ የሚያወጣው ስም መጨረሻው ላይ ቁጥር ብቻ ስለሚጨምር፣ በአንድ ፊልድ ላይ ሁለት ቼክ ካለ የትኛው እንደተጣሰ ከሎጉ አይታወቅም።